ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ጠበቃ እንዴት ይያዝ?

ሠራተኛ ከሥራ ሲሰናበት አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሞክረው ሽምግልና ነው፤ አለቃን በሰው ያስለምናል፣ የሰው ኃይል ኃላፊውን ደጅ ይጠናል፣ «ትንሽ ታገሥ» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ይህ ነውር የለበትም፤ የሽምግልናው መጓተት ብቻውን ግን ይርጋን፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያውን የጊዜ ገደብ፣ አያቆምም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር፣ ከውሉ መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄም በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ የስንብት ደብዳቤውን ሲቀበሉ ከፊርማዎ ጎን የተቀበሉበትን ቀን ይጻፉ፤ ወጪ ከተደረገበት ቀን ዘግይቶ የሚሰጥ ደብዳቤ ብዙ ነውና።

ጠበቃ ለማግኘት ከማስታወቂያ ይልቅ ተመሳሳይ ክርክር ያለፉ ባልደረቦችን ወይም የሠራተኛ ማኅበር መሪዎችን መጠየቅ ይሻላል። በፍርድ ቤት አካባቢ አቤቱታ የሚጽፉ ሰዎች ጽሑፍ ያዘጋጁልዎታል እንጂ ችሎት ቀርበው አይከራከሩልዎትም። ለፌዴራል ፍርድ ቤቶች ፍትሕ ሚኒስቴር የሰጠው የታደሰ የጥብቅና ፈቃድ መኖሩን ሳያፍሩ ይጠይቁ።

በመጀመሪያው ውይይት ደግሞ ጠበቃው ምን እንደሚጠይቅዎት ያስተውሉ። የመንግሥት ሠራተኛና የሥራ መሪ በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ አሠሪዎችም «ከሳሽ የሥራ መሪ ስለነበሩ አዋጁ አይመለከታቸውም» የሚል መቃወሚያ ማንሣት ይወዳሉ። የመደብዎን መጠሪያ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን በእርግጥ እንደነበረዎት ወይም እንዳልነበረዎት ሳያጣራ «ጉዳዩ ያለቀ ነው» የሚልዎትን ጠበቃ ይለፉት።

ክርክር በብዛት የሚነሣው በጠበቃ አበል ላይ ነው። ሠራተኛው ለሚያቀርበው ክስ የዳኝነት ክፍያ ስለማይጠየቅ ዋናው ወጪ ይኸው ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ከሚፈረደው በመቶኛ ለመክፈል ይስማማል፤ ይሁንና ፍርድ ቤቱ ካሣ በመወሰን ፈንታ ወደ ሥራ እንዲመለሱ ቢያዝ መቶኛው ከምን ላይ ይታሰባል? በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሚወሰነው ውዝፍ ደመወዝ ከ6 ወር አይበልጥም። እንዲህ ያለው ውጤት፣ ይግባኝና የፍርድ አፈጻጸም በአበሉ ውስጥ መካተት አለመካተታቸው በጽሑፍ ውል ላይ ተለይቶ ይቀመጥ። አበል ለመክፈል አቅም የሌላቸው ሰዎች የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ያቋቋሟቸውን የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት፣ ሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ሊጠይቁ ይችላሉ።

በመጨረሻ ውክልና ለመስጠት ውልና ማስረጃ ሲሄዱ፣ ተዘጋጅቶ የሚቀርብልዎትን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያንብቡት። «እንዲታረቅልኝ»፣ «ገንዘብ ተቀብሎ እንዲያስረክበኝ» የሚሉ ሐረጎች ከሌሎቹ መካከል ተሰካክተው ይገኛሉ፤ ጠበቃው ሳያማክርዎት እንዲታረቅ ካልፈለጉ የመጀመሪያውን ያስወጡ፣ የተፈረደው ገንዘብም በቀጥታ በራስዎ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ሁለተኛውን ያሰርዙ።