ስለ ፍሬምወርክ መድረክ ላይ ስታወሩ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ስለ ፍሮንትኤንድ ፍሬምወርክ (የድረ ገጽን የሚታይ ክፍል ለመሥራት የሚያግዝ ዝግጁ የኮድ መሠረት) የሚደረግ ንግግር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ተናጋሪው ስለማያውቅ አይደለም። ያውቃል። ችግሩ ከመሣሪያው መነሳቱ ነው። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ግን ይዞ የመጣው ችግር ነው። ሌሊቱን ሲታገለው ያደረ ስህተት ሊሆን ይችላል፣ ቡድኑ ውስጥ ያልተቋጨ ክርክር ሊሆን ይችላል፣ ወይም «ይሄን ተምሬ ስጨርስ ጊዜው ያልፍበት ይሆን?» የሚል ስጋት። እዚያ ጋ ካልደረሳችሁለት ስላይዱ ምንም ያህል ቢያምር ስልኩን ያወጣል። ከዚህ በታች ያሉት ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹን ራሴም ሠርቻቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከአርማው መጀመር

የተለመደው አከፋፈት ይታወቃል። የፍሬምወርኩ አርማ፣ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደወጣ፣ ኮድ በሚጋራበት ጊትሃብ ላይ ስንት ኮከብ እንዳለው። አምስት ደቂቃ ሄደ። እስካሁን ማንም ለምን እንደሚያስፈልገው አልሰማም።

በ2014 ፌስቡክ ኤፍ8 በሚባለው ጉባኤው ላይ ፍሉክስ የተባለውን የመረጃ አያያዝ ዘዴ ሲያስተዋውቅ፣ ኢንጂነሯ ጂንግ ቼን ያነሳችው ሁሉም ተጠቃሚ የሚያውቀውን ነገር ነበር። የቻቱ ምልክት ላይ ያልተነበበ መልእክት እንዳለ የሚናገር ቁጥር ይታያል። ትከፍቱታላችሁ፤ አዲስ መልእክት የለም። ትዘጉታላችሁ። ትንሽ ቆይቶ ቁጥሩ ተመልሶ ይመጣል። ኢንጂነሮቹ ያስተካክሉታል፣ ለጊዜው ይጠፋል፣ ደግሞ ከሌላ በኩል ብቅ ይላል። ለምን? አንዱ መረጃ ሦስት ቦታ ስለሚታይ ነው፤ ቁጥሩ ላይ፣ የቻት መስኮቱ ውስጥና ዋናው የመልእክት ገጽ ላይ። አንዱ ሲቀየር ሌሎቹን ማን እንደሚያሳውቅ በግልጽ የተያዘ ነገር አልነበረም።

ይሄን የሰማ ሰው «መረጃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፍሰስ» ሲባል ወዲያው ይገባዋል፤ ምክንያቱም ያ ቁጥር እሱንም አናዶታል። መፍትሔው የመጣው ችግሩ ከተሰማው በኋላ ነው።

እናንተም አንድ ስህተት ምረጡ፣ አንድ ብቻ። ለምሳሌ ረጅም ፎርም ሞልቶ ወደ ኋላ ሲመለስ ሁሉም ነገር ባዶ ሆኖ የሚያገኘው ሰው። ወይም የዕቃ ዝርዝሩ ላይ ሦስት፣ ከላይ ምልክቱ ላይ ሁለት የሚል ገጽ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች የፍሬምወርኩን ስም ሳትጠሩ እዚያ ላይ ቆዩ። ስሙን ስትጠሩ አዳራሹ ቀድሞ እየጠበቀው ይሆናል።

«ሞቷል» ብሎ ማወጅ

ይሄ በጣም የሚያሳስበኝ ስህተት ነው። መድረክ ላይ «ጄይኩዌሪ ሞቷል» ማለት ቀላል ነው፤ ጭብጨባም ያመጣል። ግን ጄይኩዌሪ የተባለው ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ከ2006 ጀምሮ አለ፤ ዛሬም እጅግ ብዙ ድረ ገጾች ላይ እየሠራ ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ኑሮውን በእሱ የሚመራ ሰው አለ። «ሞቷል» ስትሉ እሱ የሚሰማው «የምትሠራው ሥራ ዋጋ የለውም» የሚለውን ነው። ከዚያ በኋላ የምትሉት ሁሉ አይገባለትም።

ሁለት መድረኮችን ላነጻጽርላችሁ። በኦክቶበር 2014 ፓሪስ ውስጥ በተካሄደው ኤንጂ ዩሮፕ ጉባኤ አንጉላር የተባለውን ፍሬምወርክ የሚሠራው ቡድን ሁለተኛውን ስሪት ሲያቀርብ፣ ኮንትሮለርና ስኮፕን ጨምሮ ዲቨሎፐሮች በየቀኑ የሚጠቀሙባቸው ነገሮች እንደሚቀሩ በስላይድ ዘረዘረ። ቴክኒካዊ ምክንያት ነበራቸው። ከአሮጌው ወደ አዲሱ እንዴት እንደሚሻገሩ የሚያሳይ ዝግጁ መንገድ ግን ያኔ አልነበረም። አዳራሹ ይዞ የወጣው ስጋት ነው፤ ወሬው በኢንተርኔት ሲዳረስ ደግሞ ስጋቱ ቁጣ ሆነ። አንጉላር 2 በይፋ የወጣው በሴፕቴምበር 2016 ነው። ሁለት ዓመት ገደማ «የያዝኩት ኮድ ምን ሊሆን ነው?» እያሉ መቆየት ረጅም ነው።

ሁለተኛው መድረክ የ2018ቱ ሪአክት ኮንፍ ነው፤ ከፌስቡክ የወጣው ሪአክት የተባለ ላይብረሪ ጉባኤ። ሁክስ (ኮምፖነንትን፣ ማለትም የገጽን ቁራጭ፣ ያለ ክላስ የመጻፊያ መንገድ) የተዋወቀበት። ከሪአክት ቡድን ሶፊ አልፐርት መጀመሪያ ክላስ የተባለው የቆየ አጻጻፍ ያመጣቸውን ችግሮች አስረዳች፤ ከዚያ የቡድን አጋሯ ዳን አብራሞቭ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ የሚታወቅ ኮምፖነንት ወስዶ፣ ሰው እያየ ኮዱን ቀየረው። ወሳኙ ነገር ግን ሌላ ነው። ክላስን የማስወገድ ዕቅድ እንደሌለ፣ ያለው ኮድ እንደሚሠራ፣ እንደገና መጻፍ እንደማያስፈልግ፣ አዲሱን በትንሽ ኮምፖነንት መሞከር እንደሚቻል በግልጽ ተናገሩ። ለውጡ ትልቅ ነበር፤ ሰው ግን ከእግሩ ሥር መሬቱ አልተነሳበትም።

ስለዚህ ስለ አዲስ ነገር ስታወሩ «አሮጌው ያለው ሰው ሰኞ ጠዋት ምን ያድርግ?» ለሚለው ጥያቄ ቢያንስ አንድ ስላይድ ይኑራችሁ።

ትንቢት መናገር

«በአምስት ዓመት ውስጥ ሁሉም ሰው ይሄን ይጠቀማል።» እባካችሁ ተዉት። የፍሮንትኤንድ ታሪክ ወደፊት ብቻ የሚሄድ መስመር አይደለም። ድሮ ገጹን ሰርቨሩ ነበር የሚያዘጋጀው፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ወደ ብራውዘር ሄደ፤ አሁን ደግሞ ሰርቨር ላይ የሚሠሩ የሪአክት ኮምፖነንቶች መጡ፣ በ2020 መጨረሻ ተዋውቀው በሪአክት 19 ተረጋጉ። ሲግናል (ሲቀየር የሚታይባቸውን ቦታዎች በራሱ የሚያሳውቅ መረጃ) እያልን የምንደነቅበት ሐሳብም አዲስ አይደለም፤ ኖካውት የሚባለው ላይብረሪ በ2010 ተመሳሳይ ነገር ይዞ ነበር።

ስለ ወደፊቱ አታውሩ ማለቴ አይደለም። ታዳሚው የሚመጣው ለዚያ ነው። ግን ሦስት ነገሮችን አትደባልቁ። አንደኛው ብራውዘር ውስጥ ገብቶ ያለቀ ነው። የገጽን መልክ በሚወስነው ሲኤስኤስ ውስጥ ያለው የኮንቴይነር ኩዌሪና «ሃዝ» የተባለው መምረጫ ከ2023 ጀምሮ በዋና ዋና ብራውዘሮች ሁሉ ይሠራሉ፤ ስለ እነሱ በሙሉ ልብ ተናገሩ። ሁለተኛው ገና በሂደት ላይ ያለ ነው። ሲግናልን የጃቫስክሪፕት አካል የማድረግ ሐሳብ በ2024 የጃቫስክሪፕትን መስፈርት የሚያወጣው ኮሚቴ ቲሲ39 ጋ ደረጃ አንድ ላይ ደርሷል፤ ደረጃ አንድ ማለት ኮሚቴው ሊመረምረው ተስማማ ማለት ነው እንጂ ይገባል ማለት አይደለም። ሦስተኛው የናንተ ግምት ነው። ግምታችሁን ስትናገሩ «ይሄ የእኔ ግምት ነው» በሉ። እንዲህ ሲሉ እምነት የሚያጡ ተናጋሪዎች አላየሁም፤ ሰው እንዲያውም ጆሮውን የበለጠ ይሰጣችኋል።

የመሣሪያውን ጉድለት መደበቅ

ራያን ዳል ኖድን (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬድ መሣሪያ) በ2009 በርሊን በጄኤስኮንፍ አስተዋወቀ። በ2018 ወደዚያው ጉባኤ ተመልሶ «ስለ ኖድ የምጸጸትባቸው አሥር ነገሮች» በሚል ርዕስ ተናገረ። ራሱ የሠራውን! ፕሮሚስን (ቆይቶ የሚደርስ ውጤትን መያዣ) ቀደም ብሎ አስገብቶ በ2010 እንዳወጣው፣ የወረዱ ፓኬጆች የሚቀመጡበት የኖድ ሞጁልስ ማህደር ምን ያህል እንዳስቸገረ፣ ሁሉንም በየተራ። ዴኖ የተባለውን አዲስ መሣሪያውን ያሳየው ከዚህ በኋላ ነው። አድማጩ ዴኖ ለምን እንዳስፈለገ ሳይነገረው ቀድሞ ገብቶት ነበር።

ከናንተ ጸጸት አይጠበቅም። ግን ይሄ ፍሬምወርክ የት ላይ እንዳስቸገራችሁ፣ ለምን ዓይነት ሥራ እንደማትመርጡት ንገሩን። ካልነገራችሁ ማስታወቂያ ነው የሚመስለው።

ተቃውሞም እንዲሁ ነው። ሪአክት በ2013 አሜሪካ በተካሄደው ጄኤስኮንፍ ላይ ሲወጣ ብዙ ሰው ፊቱን አጨፈገገ፤ ለዓመታት ኤችቲኤምኤልና ጃቫስክሪፕትን አታቀላቅሉ ሲባል ኖሮ ድንገት ጃቫስክሪፕት ውስጥ ታግ ሲያይ ምን ይበል? በዚያው ዓመት አውሮፓ በተካሄደው ጄኤስኮንፍ ላይ የፌስቡኩ ፒት ሃንት ያንኑ ጥርጣሬ ፊት ለፊት ይዞ ተነሳ። አድማጫችሁ በልቡ የሚለውን «ግን እኮ...» እናንተ ቀድማችሁ በሉለት።

በራስ ላፕቶፕ የተለካ ፍጥነት

የአሞሌ ሥዕል ይመጣል፤ የናንተ ፍሬምወርክ አጭር፣ የሌላው ረጅም። በምን ማሽን ተለካ? በምን ኔትወርክ? ምን ዓይነት ገጽ? ካልተነገረ ያ ሥዕል ምንም አይነግረንም። አሥር ሺህ ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ በስንት ሚሊሰከንድ እንደሚሣል ማወቅ፣ አሥር ረድፍ ብቻ ያለው ገጽ ለሚሠራ ሰው ብዙ አይጠቅምም።

ከዚህ ይልቅ ተጠቃሚው የሚሰማውን ለኩ። ጉግል ለጥሩ ገጽ ያስቀመጠው ልክ አለ፤ የገጹ ትልቁ ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ይታይ፣ ሰው ሲጫን ገጹ በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ ምላሽ ይስጥ። ክሮም ብራውዘር ውስጥ ባለው ዴቭቱልስ በተባለው መፈተሻ ፕሮሰሰሩን 4 ጊዜ የሚያዘገየውን ምርጫ አብሩና እዚያው መድረክ ላይ አሳዩ። ደካማ ስልክ ላይ ምን እንደሚሆን ሰው በዓይኑ ያያል።

ቃል ላይ ቃል መደርደር

«ሃይድሬሽኑን ከፊል አድርገን፣ ስትሪሚንጉን...» ግማሹ አዳራሽ እዚህ ጋ ተንጠባጥቧል። ሃይድሬሽንን ለማስረዳት ትርጉም አያስፈልግም። እንዲህ በሉ፦ ገጹ ከሰርቨር ተዘጋጅቶ መጣ። አዝራሩ ይታያል። ትጫኑታላችሁ፤ ዝም። ደግማችሁ ትጫኑታላችሁ፤ ዝም። ጃቫስክሪፕቱ ወርዶ አዝራሩ ላይ ሕይወት እስኪዘራበት ድረስ ያለው ያ ክፍተት ነው የምናወራው። አሁን ቃሉን ብትጠቀሙት ችግር የለውም፤ ሁሉም ሰው አዝራሩን አይቶታል።

የማይነበብ ኮድ፣ የማይነሳ ዴሞ

አርባ መስመር ኮድ ስላይድ ላይ አታስቀምጡ። አሥር ይበቃል፤ ከአሥሩም የምታወሩበትን መስመር ብቻ አድምቃችሁ ሌላውን አደብዝዙ። ጥቁር ገጽታ ስክሪናችሁ ላይ ያምራል፣ መብራት በበራበት አዳራሽ ግን ግራጫው ጽሑፍ ይጠፋል። ቀድማችሁ ግቡና ከመጨረሻው ወንበር ቁጭ ብላችሁ እዩት። ሰዎች አንገታቸውን ወደፊት ሲያስረዝሙ ወይም ስልክ አንስተው አጉልተው ፎቶ ሲያነሱ ካያችሁ ፎንቱ ትንሽ ነው ማለት ነው፤ ንግግራችሁን አቁማችሁ አጉሉት።

ዴሞ (የቀጥታ ማሳያ) ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ፓኬጆችን ከኢንተርኔት የሚያወርደውን ትእዛዝ «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ብዬ ኢንተር ነካሁ። የአዳራሹን ዋይፋይ ሁሉም ሰው እየተጠቀመበት ነበር። ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ እኔ ወሬ እሞላለሁ፣ ደቂቃው ይነጉዳል። ሁለተኛው ግማሽ ጨርሶ ሳይነገር ቀረ፤ ለማየት የመጡትም ዋናው ክፍል ያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ፓኬጅ ቀድሜ አወርዳለሁ፣ ዴሞው ኢንተርኔት ጠፍቶ እንደሚሠራ ቤት እሞክራለሁ፣ እያንዳንዱን ደረጃ የኮድ ለውጥ በሚመዘገብበት ጊት ላይ ታግ (ምልክት) አደርጋለሁ፤ መሃል ላይ ቢሰበር ወደሚቀጥለው ታግ እዘላለሁ። የተቀዳ ቪዲዮም ይኖረኛል። ኖቲፊኬሽን ማጥፋትም አትርሱ።

የጥያቄውን ሰዓት መናቅ

ጥያቄውን ማይክ ላይ ደግማችሁ ተናገሩ፤ የኋላው ሰው አይሰማም፣ ቀረጻው ላይም አይገባም።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ሁልጊዜ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ወጣት ነው፣ ብዙ ጊዜም ፈራ ተባ እያለ፦ «ታዲያ የትኛውን ልማር?» የራሳችሁን ምርጫ ስም ጠርታችሁ አትለፉት። መልሳችሁ ጠይቁት። ምን መሥራት ትፈልጋለህ? ሥራ እየፈለግህ ነው ወይስ ሥራ ላይ ነህ? አብረውህ የሚሠሩት ምን ይጠቀማሉ? ጃቫስክሪፕቱን ያለ ፍሬምወርክ ትንሽ ገጽ ሠርተህበት ታውቃለህ? አልሠራሁም ካለ ከዚያ እንዲጀምር ንገሩት፤ ከንግግሩ በኋላም መድረኩ ሥር ጠብቁት፤ ቀሪውን ጥያቄ ማይክ በሌለበት ነው የሚጠይቃችሁ።