የአንደኛ ደረጃ መምህር ለመሆን እንዴት መሠልጠን ይቻላል

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች 12ኛ ክፍልን ጨርሰው መምህርነትን የሚያስቡ ወጣቶች አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ መግቢያ ነጥብና ስለ ደመወዝ ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን ዕጩ መምህራንን በልምምድ ላይ ስከታተል በኖርኩባቸው ዓመታት ያየሁት፣ ሥልጠናው ለአንዱ የሚቀናው ለሌላው የሚከብደው ትንሽ ልጅ ሲማር ተረጋግቶ ለማየት ባለው ትዕግሥት መሆኑን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ምዝገባውን ባጭሩ አልፌ ልምምዱን በሰፊው አስረዳለሁ።

ከመመዝገብዎ በፊት ክፍል ገብተው ይቀመጡ

በአካባቢዎ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ሄደው ርዕሰ መምህሩን ወይም ርዕሰ መምህርቷን ያስፈቅዱና ሁለት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት አንደኛ ክፍል ውስጥ ከኋላ ይቀመጡ። ዓይንዎን ከመምህሯ ላይ አንሥተው አንድ ልጅ ላይ ያሳርፉ፤ መቼ ከጎረቤቱ ደብተር እንደሚገለብጥ፣ መቼ ቀና ብሎ ጥቁር ሰሌዳውን እንደሚያይ፣ መቼ ሐሳቡ በመስኮት እንደሚወጣ ይከታተሉ። በሦስተኛው ቀን ልጁ የገባውንና ያልገባውን ለይተው መናገር ከቻሉ፣ ወይም ቢያንስ ለመለየት ከጓጉ፣ ለሙያው የሚሆን ነገር አለዎት ማለት ነው። ጊዜው አልገፋ ብሎ ካስጨነቀዎት ግን ውሳኔዎን ሳይቸኩሉ ደግመው ቢያስቡበት ይሻላል፤ ይህን የምለው ለእርስዎም ለልጆቹም አዝኜ ነው።

የሥልጠና ተቋምዎን ይምረጡና ይመዝገቡ

በአማራ ክልል የአንደኛ ደረጃ መምህራን በዋናነት የሚሠለጥኑት በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ነው። ከባሕር ዳር ለሚነሣ ሰው በደብረ ታቦር ያለው የቤጌምድር፣ የጎንደር፣ የእንጅባራና የደብረ ማርቆስ ኮሌጆች በአንጻራዊነት ቅርብ ናቸው። በባሕር ዳር ከተማ ያለው ፔዳ ግቢም መነሻው ይኸው ሙያ ነው፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ የፔዳጎጂ አካዳሚ ሆኖ ሲቋቋም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ባለሙያዎችን እንዲያፈራ ታስቦ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋህዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል።

የመቀበያ ማስታወቂያውን የሚያወጣው የክልሉ ትምህርት ቢሮ ሲሆን፣ መሥፈርቱ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ ያለፈው ዓመት ተመዝጋቢ የነገረዎትን ይዘው አይሂዱ፤ የዘንድሮውን ማስታወቂያ ራስዎ ያንብቡ። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤትዎን፣ ትራንስክሪፕትዎንና የቀበሌ መታወቂያዎን ዋናውንና ኮፒውን አዘጋጅተው ይያዙ። የቃል መጠይቅ ካለ፣ ለምን መምህር መሆን እንደፈለጉ ሲጠየቁ ክፍል ውስጥ ያዩትን ልጅ ቢያነሡ በቃል ከተጠና መልስ ይልቅ ይታመናል።

የትኛውን የክፍል እርከን እንደሚያስተምሩ ይወስኑ

በ1986 ዓ.ም. ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በሁለት እርከን የተከፈለ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ግን አንደኛ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ ደረጃን 7ኛና 8ኛ አድርጎታል። በታችኞቹ ክፍሎች አንድ መምህር አብዛኛውን ትምህርት ይዞ ከልጆቹ ጋር ሲውል፣ ከፍ ባሉት ክፍሎች አንድ ትምህርት ይዞ ከክፍል ክፍል ይዘዋወራል። ብዙ ሠልጣኞች ሁለተኛውን ከፍ ያለ ማዕረግ አድርገው ያዩታል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ማንበብ ሳይችል አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሳይንሱንም ሒሳቡንም ስለሚያጣ፣ ከሁሉም የበለጠ ችሎታ የሚጠይቀው አንደኛ ክፍል ነው። በክልሉ ከአማርኛ ሌላ በአዊኛ፣ በኽምጣንኛና በአፋን ኦሮሞ ትምህርት የሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶች ስላሉ፣ ከእነዚህ አንዱ አፍ የፈቱበት ቋንቋ ከሆነ በዚያው ቋንቋ መሠልጠን ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

ልምምዱን የሥልጠናው ልብ አድርገው ይያዙት

በኮሌጁ የልጆች ሥነ ልቦና፣ የማስተማር ሥነ ዘዴ፣ ምዘናና የትምህርት ይዘት ይማራሉ። በየደረጃውም ለልምምድ ወደ ትምህርት ቤት ይላካሉ፤ መጀመሪያ ለመመልከት፣ ቀጥሎ ነባሩን መምህር ለማገዝ፣ በመጨረሻም ክፍሉን ተረክቦ ለማስተማር።

እኔ በለማጅነቴ ዘመን የአንደኛ ክፍል ልጆችን ፊደል አስቆጥር ነበር። አንዲት ልጅ ከሀ እስከ ፐ አንድም ሳትስት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትወጣዋለች። አንድ ቀን «ባ»ን ለብቻዋ ጽፌ ይህ ማን ነው ብዬ ጠየቅኋት። ልጅቷ ዝም አለች፤ ከዚያ በጣቷ ጠረጴዛውን እየነካች በሹክሹክታ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ» ብላ አራተኛው ላይ ስትደርስ መልሱን ጮክ ብላ ተናገረች። ስታነብ አልነበረም፤ ትቆጥር ነበር። እኔም ለሳምንታት አንባቢ ናት ብዬ በመዝገቤ ላይ ጥሩ ነጥብ ስሰጣት ቆይቻለሁ፤ ስሕተቱ የእኔ ነበር።

የቀደሙት የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ችግር በሚገባ ያውቁት ነበር። ልጁ ሀሁን በተርታ ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳ የሚያስገቡት ለዚህ ነው። «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» ሲባል የፊደሉ ቤተሰብም የድምፁ እርከንም አብረው ስለሚቀየሩ፣ የለመደው ዜማ ወደ መልሱ አይመራውም፤ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ለማወቅ ይገደዳል። ዘመናዊውን ሥነ ዘዴ ሲማሩ ይህን የቆየ ጥበብ አይናቁት።

ስለዚህ የመጀመሪያውን የፊደል ትምህርትዎን እንደሚከተለው ያቅዱ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። የ«በ»ን ቤተሰብ ከመረጡ ልጆቹ ከሚያውቋቸው ቃላት ይነሡ፦ በግ፣ ቡና፣ ቢላዋ፣ ባሕር፣ ቤት፣ ብርድ፣ ቦታ። አስቀድመው ቃላቱን በጆሮ ያሰሟቸው፤ የመጀመሪያው ድምፅ ምን እንደሆነ እነሱ ይናገሩ። ከዚያ ሰባቱን ፊደላት በካርቶን ላይ ለየብቻ ጽፈው ያሳዩ፤ ቀጥሎም ካርቶኖቹን በውዘው አንድ በአንድ ያስነብቡ። የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ለጽሕፈት ይተዉ፤ እያንዳንዱ ልጅ እርሳሱን ከየት እንደሚያስነሣ በመካከላቸው እየተዘዋወሩ ይመልከቱ። በአንድ ቀን ሰባቱንም መጨረስ የለብዎትም፤ ሦስቱ በደንብ ከተያዙ ዕቅዱ ተሳክቷል። ሰ እና ሸን፣ ተ እና ቸን፣ ነ እና ኘን፣ ደ እና ጀን የመሳሰሉ ተቀራራቢ መልኮችን በአንድ ሳምንት አያቀራርቡ፤ አንዱ እስኪጸና ሌላውን ያቆዩት።

የመርጃ መሣሪያ ለመሥራት ገንዘብ አያስፈልግም። በጣና ዳር ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ሞልቷል፤ የደረቀውን በጣት ርዝመት ቆርጠው አሥር አሥሩን በክር ይሰሩት። 23 ማለት ሁለት እስርና ሦስት ነጠላ ነው። ከ23 ላይ 7 ቀንስ የተባለ ልጅ ሦስቱን ነጠላ ከሰጠ በኋላ አንዱን እስር መፍታት ግድ ይሆንበታል፤ መበደር የሚባለው ምን እንደሆነ ያኔ በእጁ ይገባዋል። የዓሣ አስጋሪ ልጅ ቆሮሶና አምባዛ ሲቆጠር ያደገ ነው፤ የሒሳብ ጥያቄውን በዚያ ቢያወጡለት ከሚያውቀው ተነሥቶ ይሠራዋል።

ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ቢሆንም ከዚያ በላይ የሚያጋጥምዎት ጊዜ ይኖራል። በእንዲህ ያለው ክፍል ሁሉንም በአንድ ቀን አዳምጣለሁ ብለው አይድከሙ። የስም ዝርዝሩን ለአምስቱ የትምህርት ቀናት እኩል ከፍለው፣ በየቀኑ ተራ የደረሳቸውን ልጆች እያንዳንዳቸውን አንድ ዓረፍተ ነገር ያስነብቡ፤ የሰሙትንም ስሕተት በማስታወሻ ይያዙ። ሳምንቱ ሲያልቅ ክፍሉን በሙሉ ሰምተዋል። በተከታታይ ምዘና መዝገብ ላይ ከሚሞላ ቁጥር ይልቅ ለቀጣዩ ሳምንት ዕቅድ የሚጠቅምዎት ይህ ማስታወሻ ነው።

ከምረቃ በኋላ

ምደባው በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ሲሆን፣ ከከተማ የራቀ ትምህርት ቤት ሊደርስዎት ይችላል። ዘጌ ወይም በጀልባ የሚኬድበት ደቅ ደሴት ከሆነ፣ ትምህርት ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድመው ሄደው ቤት ይከራዩ፣ ከወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ሰዎች ጋርም ይተዋወቁ። የገበያውን ቀን ካወቁ፣ ልጆች የሚቀሩበትን ቀን ያውቁታል ሲሉ እናቶች መክረውኛል፤ በዚያ ቀን አዲስ ትምህርት አይጀምሩ፣ ያለፈውን ይከልሱ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ጀማሪ መምህር ተብለው አንድ ነባር መምህር አማካሪ ሆኖ እንዲያግዝዎት ይመደባል። አማካሪዎ እስኪመጣ ሳይጠብቁ ክፍልዎ ገብቶ እንዲያይዎት እርስዎ ይጋብዙት። መምህሩ በሥራ ላይ እያለ ሙያውን የሚያዳብርበት ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ በዓመት 60 ሰዓት ሲሆን፣ ትምህርት ቤቶች በጋራ በሚገናኙበት የጉድኝት ማዕከል ከአጎራባች ትምህርት ቤቶች መምህራን ጋር የሚደረገውም በዚሁ ውስጥ ይታሰባል። የእድገት መሰላሉ ከጀማሪ ወደ መለስተኛ፣ ወደ መምህር፣ ወደ ከፍተኛ፣ ወደ ተባባሪ መሪና ወደ መሪ መምህር እያለ ይወጣል።

ለመምህርነት ሙያ ፈቃድ ከጽሑፍ ፈተናው ሌላ ማህደረ ተግባር፣ ማለትም የሥራዎ ማስረጃ የተሰበሰበበት ማህደር፣ ይመዘናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረው አንድ ማህደር ይክፈቱና የትምህርት ዕቅድዎን፣ የሠሯቸውን መርጃዎች ፎቶግራፍ፣ የአማካሪዎን አስተያየትና ያንን የንባብ ማስታወሻ ቀን እየጻፉ ያስቀምጡበት። አንድ ልጅ በመስከረም የጻፈውንና በሰኔ የጻፈውን ገጽ ጎን ለጎን አያይዘው ያስገቡበት።