ለቤት ጀነሬተር ምን ምን መለዋወጫ ይያዝ? ባህር ዳር ላይ ተቃጥዬ የተማርኩት

ልጄ ክርስትና ልትነሳ አንድ ቀን ሲቀራት ማታ 2 ሰአት ላይ መብራት ሄደ። ፍሪዘሩ ጠዋት ከሀይቁ ዳር በመጣ አሳ ጢም ብሏል፣ ገና በደንብ አልቀዘቀዘም። ጀነሬተር አለን ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁና ገመዱን ሳብኩ፣ ሳብኩ፣ ወንድሜ ሳበ፣ አንድ እንግዳም ኮቱን አውልቆ ሳበ፣ በመጨረሻ ገመዱ ተበጥሶ እጀታው እጁ ላይ ቀረ። አሳውን በዚያው ሌሊት በከሰል ጠብሰን ጨረስነው። የጢስ አባይና የጣና በለስ ኃይል ማመንጫዎች አጠገባችን ሆነው መብራት ለምን እንደሚሄድብን የሌላ ቀን ጨዋታ ነው።

ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም። ከፋሲካ ጀምሮ ሳይነሳ ቆሞ ቤንዚንና አየር የሚደባለቅበት ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ነበር፣ ቤት ውስጥ ደግሞ አንዲት ትርፍ ካንዴላ እንኳ የለም። አሁን አንድ የድሮ የቀለም ቆርቆሮ ሙሉ ዕቃ አለኝ፣ ምን ምን እንዳለበትና እንዴት እንደምጠቀምበት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የማሽናችሁን ሰሌዳ ፎቶ አንሱ። ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ተደባልቆ የሚቀዳባት ትንሿ ዓይነት ከሆነች የዘይቱ ነገር እናንተን አይመለከትም፣ እኔ የማወራው ዘይቱ ለብቻው ስለሚገባው ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት ስላለው ነው።

ቀላሎቹን በአንድ ትንፋሽ ልጨርስ፦ 2 ካንዴላ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ አንድ አየር ፊልትሮ፣ የማስነሻ ገመድ ሁለት ሜትር፣ 1 ሊትር ዘይት፣ ወንፊት ያለው ማንቆርቆሪያ። ካንዴላ ስትገዙ የራሳችሁን ፈትታችሁ በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ባለሱቁ "ይሄ ለባጃጅም ለሁሉም ይሆናል" ቢላችሁ አትመኑት፣ ጥርሱ ሊመሳሰል ይችላል ርዝመቱ ግን ይለያያል፣ የረዘመ ካንዴላ ፒስተኑን ሊመታ ይችላል። ክፍተቱ 0.7 ሚሊሜትር አካባቢ ይሁን።

ዘይቱን አዲስ ማሽን ከሆነ ከ20 ሰአት ሥራ በኋላ፣ ከዚያ በየ100 ሰአቱ ወይ በየ6 ወሩ ቀይሩት፣ የሚይዘውም 0.6 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። መለኪያውን ሳታጠብቁት እንዲሁ ከትታችሁ ነው የሚታየው። ብዙዎቹ ማሽኖች ዘይት ሲያንስ ራሳቸው አልነሳም ይላሉ፣ ስለዚህ ገመድ መጎተት ከመጀመራችሁ በፊት ዘይት እዩ፣ ማሽኑ የቆመበት መሬትም ያዘመመ አይሁን።

አሁን ወደ ካርቡሬተሩ፣ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። ክርስትናው ካለፈ በኋላ መካኒክ መጥቶ ሲያጸዳው አጠገቡ ቆሜ አየሁና "ይሄማ ቀላል ነው" አልኩ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲዘጋ ራሴ ፈታሁት፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሿን የነሐስ ቀዳዳ፣ ጄት የሚሏትን፣ በልብስ መርፌ ጎረጎርኩላት። ተነሳልኝ! ግን ጥቁር ጭስ በጭስ ሆነ፣ ቤንዚን እንደ ውሃ ይጠጣል፣ ካንዴላው በሁለት ቀን እንደ ከሰል ይጠቁራል። 3 ካንዴላ ቀየርኩ፣ ማደያውን ወቀስኩ፣ ለካ ብረቱ መርፌ ለስላሳውን ነሐስ ፍቆ ቀዳዳዋን አስፍቷታል። ቀዳዳዋ ከ1 ሚሊሜትር በታች ነች፣ ፀጉር የምታህል ጭረት ትበቃታለች። ስለዚህ አንድ ትርፍ ጄት ግዙና ቆርቆሮው ውስጥ ጣሉ፣ ዋጋዋ ኢምንት ነው።

እንዲህ ነው የሚሰራው። የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጉ፣ ማሽኑ ይቀዝቅዝ። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ኩባያ የያዘውን ብሎን በ10 ቁልፍ ፍቱ፣ ከሥር ጣሳ አድርጉ፣ ቤንዚን ይወርዳል፣ ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገባችሁ አይቁም። የኩባያዋን ጎሚኒ ለብቻ አስቀምጡ፣ የማጽጃ ስፕሬይ ከነካት ታብጣ አልገባም ትላለች (የእኔ በዚህ ሄዳለች፣ ትርፍ ይኑራችሁ)። ጄቷ መሀል ባለው አምድ ውስጥ ነች። የካቻቢቴው አፍ ስንጥቁን ሙሉ በሙሉ የሚሞላ መሆን አለበት፣ ቀጭን ካቻቢቴ አፏን ይበላውና ከዚያ ወዲያ በጸሎት ካልሆነ አትወጣም። ከኋላዋ ብዙ ቀዳዳ ያላት ቱቦ ትወድቃለች፣ እንዳትጠፋባችሁ። ጄቷን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩ፣ ክብ ብርሃን ካልታያችሁ ስፕሬይ ንፉባት፣ እምቢ ካለች ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት ክር መዳብ መዛችሁ በቀስታ አሳልፉ፣ መዳብ ከነሐስ ስለሚለሰልስ አይፍቃትም። ከዚያ በብስክሌት ጎማ መንፊያ ንፉት፣ ባህር ዳር ውስጥ ይሄ የሌለበት ግቢ ካለ ይገርመኛል። ስትገጥሙ ብሎኑን መጀመሪያ በጣት አስይዙት፣ ቤንዚኑን ከፍታችሁ 5 ደቂቃ የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ ጠብቁ።

እንዳይደገም? ከወር በላይ ሳይነሳ የሚቆም ከሆነ ማሽኑ እየሰራ መዝጊያውን ዝጉት፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን ጨርሶ ራሱ ይጥፋ። በወር አንዴም 15 ደቂቃ አስነሱት።

ስለ ጄት ካነሳን አይቀር፣ ባህር ዳር ከባህር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ አካባቢ ጉልበት ያጣል፣ ስለዚህ 3 ኪሎዋት ተብሎ የተሸጠላችሁ እዚህ 2.4 ቢሰጣችሁ ተመስገን በሉ። አንዳንድ አምራች ከ1500 ሜትር በላይ ጠበብ ያለች ጄት ይመክራል። ያቺን አስገብታችሁ ማሽኑን ወደ መተማ ቆላ ይዛችሁ ከወረዳችሁ ግን የድሮዋን መልሱ፣ አለዚያ ሞተሩ ይግላል።

መብራቱ አንዴ ደመቅ አንዴ ፈዘዝ ካለ ኤቪአር የምትባለውን ቮልት መቆጣጠሪያ ጠርጥሩ። ከኋላ ክዳኑ ሥር ናት፣ ስትገዙ የሽቦዋን ብዛትና ሶኬቷን አመሳስሉ። አጠገቧ ያሉትን ካርቦኖችም (የሚዞረውን ክፍል እየነኩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉትን) አልቀው እንደሆነ እዩ። ቮልት የሚለካ ቴስተር ይኑራችሁ፣ 220 አካባቢ ካላሳየ ቲቪ አትሰኩ። "ቮልት አነሰ" ሲባል የሞተሩን ፍጥነት ከፍ የሚያደርግ መካኒክ ካጋጠማችሁ ደግሞ በትህትና ሸኙት፣ 50 ኸርዝ የሚወጣው ሞተሩ በደቂቃ 3000 ሲዞር ነው።

ለቤቱ መስመር ቸንጅ ኦቨር፣ ማለትም ቤቱን ከውጭ መስመር ወይ ከጀነሬተሩ ከአንዱ ጋር ብቻ የሚያገናኝ ማዞሪያ፣ በባለሙያ አስገጥሙ። ሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ሰርታችሁ ሶኬት ላይ የምትሰኩ ሰዎች፣ አውቃችኋለሁ፣ እኔም አድርጌዋለሁ። መብራቱ ወደ ውጭ መስመር ወጥቶ ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስ ወደ 15 ሺህ ቮልት ይለወጣል፣ ምሰሶ ላይ ደግሞ መስመሩ ሞቷል ብሎ ሊጠግን የወጣ ልጅ አለ። ጭሱም እንደ ከሰል ጭስ ነው፣ ውስጡ ያለው ሽታ የሌለው መርዝ ተኝቶ ያለን ሰው እንደተኛ ይወስደዋል። ክረምት ነው ብላችሁ በረንዳ ላይ መስኮት ሥር አታስገቡት፣ ከቤት 6 ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ ከላይ ብቻ ቆርቆሮ ሥሩለት፣ ጎኑ ይከፈት። ለዚህ ርቀት 2.5 ካሬ ገመድ ግዙ፣ ቀጭኑ ኤክስቴንሽን ይግላል።

ፍሪጅ ሲነሳ የተለመደውን ብዙ እጥፍ ጉልበት ስለሚስብ መጀመሪያ ብቻውን ይነሳ፣ ሌላው ኋላ ይሰካል። መብራት ከሄደ ደግሞ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይረፍ። እኛ ቤት ይሄ የአማቴ ሥራ ነው፣ ሶኬቱን እጃቸው ላይ ይዘው ሰአት እያዩ ይቆማሉ፣ "ልሰካ?" ስንላቸው "ገና ነው፣ ቁጭ በሉ" ይሉናል።