ለማይላቀቅ የመንገድ ሻጭ ምርቃት

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ወርዳችሁ ካልሲና ሻርፕ የያዙ ልጆች አላሳልፍ ካሏችሁ «አልፈልግም» አትበሉ። «እቀንስልሃለሁ» ይከተላል። ዋጋ መጠየቅማ ጭራሽ አይሞከርም! ይልቅ ፈገግ ብላችሁ «ገበያ ይቅናህ» በሉና ሳትቆሙ እለፉ። ምርቃት ነውና «አሜን» ከማለት ሌላ መልስ የለውም፤ ድርድሩ ሳይጀመር ያልቃል። ልጁም አይከፋውም።

ዕቃውን ግን እንዳትነኩ። ሻርፑን ትከሻችሁ ላይ ጣል ሊያደርግ ሲል ገለል በሉ፤ አንዴ ከለበሳችሁት መመለሱ ጣጣ ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ብርዳማ ከተማ ደግሞ የሻርፑ ሙቀት ራሱ ያግባባል።

መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ በመስኮት ከመጡ ዘዴው ብዙም አይሠራም፤ መሄጃ የላችሁማ። ያኔ መስኮቱን ዝጉት።