ኤአይኤስ ትራንስፖንደር በትንሽ ጀልባ ላይ፦ ከመግጠም እስከ መጠቀም

ጉም ባለበት ጠዋት ከባልቲሞር ወደ ኖርፎልክ የሚወርድ የኮንቴይነር መርከብ ስምንት ሜትር የምትሆን የፋይበርግላስ ጀልባን በራዳሩ ላያያት ይችላል። ፋይበርግላስ የራዳር ሞገድን አጥርቶ አይመልስም፤ ማዕበል ሲኖር ደግሞ ትንሿ ነጥብ ከማዕበሉ ነጥቦች ጋር ትደባለቃለች። ኤአይኤስ ትራንስፖንደር (መርከቦች እርስ በርስ በራሱ በሬዲዮ የሚለዩበት መላኪያና መቀበያ) ይህን ክፍተት ይሞላል። የጀልባዋን ስም፣ ቦታ፣ ፍጥነትና አቅጣጫ በ161.975 እና በ162.025 ሜጋኸርትዝ ለአካባቢው ይልካል፤ የሌሎቹንም ተቀብሎ በቻርትፕሎተሩ (በባሕር ካርታ ማሳያው ስክሪን) ላይ ያሳያል።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ይያዙ። በራስዎ ስክሪን የሚያዩት መሣሪያው መቀበሉን ነው፤ መላኩን አያዩም። መቀበል ስህተትን ይቅር ይላል፤ በመጥፎ ገመድም የትልልቅ መርከቦች ምልክት ይገባል። መላክ ግን ይቅር አይልም። በዚህ የተነሳ ስክሪናቸው በመርከብ ተሞልቶ እነሱን ግን ማንም የማያያቸው ጀልባዎች ብዙ ናቸው። ከታች ያለው ሁሉ ያ እንዳይደርስ ነው። ምሳሌ ያደረግነው ከ7 እስከ 10 ሜትር ርዝመት ያላትና በቼሳፒክ ቤይና በፖቶማክ የምትንቀሳቀስ ጀልባ ነው፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖር አንባቢ ቅርቡ ውኃ እሱ ነውና።

የትኛውን ልግዛ?

ዓለም አቀፍ ጉዞ የሚያደርጉ 300 ግሮስ ቶንና ከዚያ በላይ የሆኑ መርከቦች በግዴታ የሚይዙት ክላስ ኤ የሚባለውን፣ በ12.5 ዋት የሚልከውን ነው። ለእርስዎ የሚሆነው ክላስ ቢ ነው። በአሜሪካ ለመዝናኛ ጀልባ ግዴታ አይደለም፤ ግዴታ ያለባቸው በዋናነት 65 ጫማና ከዚያ በላይ የሆኑ በሞተር የሚሄዱ የንግድ ጀልባዎች ናቸው።

ክላስ ቢ ሁለት ዓይነት ነው። የቆየው ሲኤስ በ2 ዋት ይልካል፤ ጀልባዋ ከ2 ኖት (በሰዓት 2 የባሕር ማይል) በላይ ስትሄድ በየ30 ሰከንዱ፣ ከዚያ በታች ከሆነች ወይም ከቆመች በየ3 ደቂቃው። ኤስኦ የሚባለው በ5 ዋት ይልካል፤ ከ14 ኖት በላይ በየ15 ሰከንዱ፣ ከ23 ኖት በላይ በየ5 ሰከንዱ። ልዩነቱን በሜትር ያስሉት። በ20 ኖት የምትሄድ ጀልባ በሰከንድ 10 ሜትር ያህል ትጓዛለች፤ በ30 ሰከንድ 300 ሜትር ማለት ነው። መርከቡ የሚያያት እስከ 300 ሜትር ከኋላዋ ነው። በተጨማሪም ሲኤስ የመላኪያ ተራ አስቀድሞ አያስይዝም፤ አየሩን አዳምጦ ክፍት ካገኘ ብቻ ይልካል፤ ወደብ ሲጨናነቅ ተራው ያልፈዋል። ኤስኦ ግን ተራውን አስቀድሞ ይይዛል። ለሸራ ጀልባ ሲኤስ ይበቃል። ከ15 ኖት በላይ የሚነዱ ከሆነ ግን የዋጋውን ልዩነት ከፍለው ኤስኦ ይግዙ።

ቁጥሩን አስቀድመው ያውጡ

እያንዳንዱ ጀልባ ኤምኤምኤስአይ የሚባል ባለ 9 አሃዝ ቁጥር ያስፈልገዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች አገሩን ይናገራሉ፤ 624 የኢትዮጵያ ነው፣ 621 የጂቡቲ፣ 338 እና ከ366 እስከ 369 ያሉት የአሜሪካ። በአሜሪካ ለአገር ውስጥ ጉዞ ብቻ ከሆነ ቁጥሩን ከጀልባ ባለቤቶች ማኅበሩ ከቦት ዩኤስ ማግኘት ይቻላል። ወደ ባሃማስ ወይም ወደ ካናዳ ለመሄድ ካሰቡ ግን ከፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን የመርከብ ሬዲዮ ጣቢያ ፈቃድ ከነቁጥሩ ያውጡ። ይህን ዛሬ መወሰን አለብዎ፤ ምክንያቱም ክላስ ቢ መሣሪያ ቁጥሩ አንዴ ከገባበት በኋላ ይቆለፋል፤ ለመቀየር ወደ ሻጩ ወይም ወደ አምራቹ መመለስ ግድ ይሆናል። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ ቁጥሩን ባለቤቱ ራሱ አያስገባም፤ ሻጩ ወይም ብቁ ገጣሚ ነው የሚያስገባው። ስለዚህ ሲገዙ ቁጥሩንና የጀልባዋን መረጃ ሰጥተው አስሞልተው ይውሰዱ። ቀድሞ የነበረው የቪኤችኤፍ (የጀልባ መነጋገሪያ) ሬዲዮዎ ኤምኤምኤስአይ ካለው ያንኑ ይጠቀሙ፤ ለአንድ ጀልባ አንድ ቁጥር ነው።

ስሙ የሚጻፈው በላቲን ትልልቅ ፊደላት፣ እስከ 20 ፊደል ነው፤ የግዕዝ ፊደል አይቀበልም። ጀልባዋን በአማርኛ ከሰየሟት የመርከቡ መኮንን በሬዲዮ ሲጠራት ሊያነበው የሚችለውን አጻጻፍ ይምረጡ። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አፉ ላይ የሚከብደው ስም በአስቸጋሪ ሰዓት ሳይጠራ ይቀራል።

ልኬቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አራት ቁጥሮች ይጠየቃሉ፤ አራቱም የሚለኩት ከትራንስፖንደሩ የጂፒኤስ አንቴና ተነስቶ፣ በሙሉ ሜትር ነው። ኤ እስከ ጀልባዋ ፊት፣ ቢ እስከ ኋላዋ፣ ሲ እስከ ግራ ጎኗ፣ ዲ እስከ ቀኝ ጎኗ። 8 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ስፋት ያላት ጀልባ አንቴናዋ ከፊቷ 5 ሜትር፣ ከግራ ጎኗ 1 ሜትር ላይ ከተተከለ 5፣ 3፣ 1፣ 2 ይሆናል። በጫማ ከሞሉት 26 ጫማ የነበረችው ጀልባ በሌሎች ስክሪን የ26 ሜትር መርከብ ትሆናለች። የዓይነት መለያው ለመዝናኛ ጀልባ 37፣ ለሸራ 36፣ ዓሣ በማጥመድ ሥራ ላይ ላለች 30 ነው።

አንቴናና ገመድ

ሥራው ያለው እዚህ ነው።

የቪኤችኤፍ ሞገድ በቀጥታ መስመር ስለሚሄድ ከዋት ይልቅ ከፍታ ይበልጣል። የሁለቱን አንቴናዎች ከፍታ በሜትር ወስደው የእያንዳንዱን ስኩዌር ሩት ይደምሩ፣ በ2.22 ያባዙት፤ ርቀቱን በኖቲካል ማይል ይሰጥዎታል። የእርስዎ 4 ሜትር፣ የመርከቡ 36 ሜትር ላይ ቢሆን 2 ሲደመር 6፣ ሲባዛ በ2.22፣ ወደ 18 ማይል ይሆናል። ሁለት ትናንሽ ጀልባዎች በ4 በ4 ሜትር ግን 9 ማይል ያህል ብቻ ይተያያሉ፤ ያውም ጣሪያው ነው፣ በተግባር ያንሳል።

አንቴናው ለ162 ሜጋኸርትዝ የተሠራ የኤአይኤስ አንቴና ቢሆን ይመረጣል። ጨረሩን አጥብቦ የማጠንከር አቅሙ በዴሲቤል ይለካል፤ ለሞተር ጀልባ ባለ 6 ዴሲቤል፣ ብዙ ለምታዘነብል የሸራ ጀልባ ባለ 3 ዴሲቤል ይሁን፤ ባለ 6ቱ ጨረሩ ጠባብ ስለሆነ ጀልባዋ ስታዘነብል ወደ ውኃና ወደ ሰማይ ይሄዳል። ከሬዲዮው አንቴና ቢያንስ 1 ሜትር፣ ቢቻል ከዚያም በላይ ያርቁት። ሁለተኛ አንቴና የሚተከልበት ቦታ ከሌለ አንዱን ለሁለቱ የሚያካፍል ስፕሊተር አለ። ግን ለትራንስፖንደር የተሠራ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስፈልገው ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለመቀበያ ብቻ የተሠራው ርካሹ፣ አንዱ በሚልክበት ቅጽበት ሌላውን ያቃጥላል። በስፕሊተር ሲሠሩ በሬዲዮ እያወሩ ባሉበት ጊዜ ኤአይኤሱ እንደማይልክም ይወቁ።

ከገመድ ቀጭኑን አርጂ-58 አይጠቀሙ። በዚህ ፍሪኩዌንሲ በ6 ሜትር ውስጥ 1.2 ዴሲቤል ያህል ይጠፋበታል፤ ከላኩት ኃይል ሩቡ ገመዱ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። እስከ 8 ሜትር አርጂ-8ኤክስ፣ ወደ ምሰሶ ጫፍ ለሚወጣ ረጅም ገመድ አርጂ-213 ይሁን። መዳቡ ቆርቆሮ የተቀባ የባሕር ገመድ ይግዙ፤ ያልተቀባው ጨው ሲነካው በሁለት ክረምት ይጠቁራል። ሲያጥፉት ከ6 ሳንቲሜትር ጠባብ ኩርባ አይስጡት፤ በበርና በመስኮት ክፈፍም አይጭመቁት።

በገመዱ ጫፍ የሚገባውን የፒኤል-259 ማያያዣ ሲሠሩ መጀመሪያ የሚሽከረከረውን ቀለበትና ለአርጂ-8ኤክስ የሚሆነውን ዩጂ-176 ማጥበቢያ ወደ ገመዱ ያስገቡ። ይህን ረስቶ በይዶ ጨርሶ የማይቆርጠው ሰው የለም። የውጩን ጎማ ሲልጡ ቢላው ከሥር ያለውን መረብ እንዳይበጣው ይጠንቀቁ። መረቡን ወደ ኋላ በማጥበቢያው ላይ አልብሰው የተረፈውን ይከርክሙ፤ አንዲት ፀጉር የመሰለች ክር እንኳ ወደ መሐል ሽቦው ብትደርስ ሾርት ትሆናለች። በካውያ ሲበይዱ ኃይለኛ ካውያ ይጠቀሙና ቶሎ ይጨርሱ፤ ደካማ ካውያ ላይ ሲቆይ ነጩ ፕላስቲክ ይቀልጥና መሐል ሽቦው ወደ ጎን ይንሸራተታል። ከዚያ ቴስተር ይያዙ። ገመዱ ከአንቴናው ተነቅሎ ሳለ በመሐል ፒኑና በቅርፊቱ መካከል ምንም መንገድ መኖር የለበትም። አንቴናው ከታሰረ በኋላ ግን ብዙ አንቴናዎች ሾርት ያሳያሉ፤ አሠራራቸው እንደዚያ ነው፣ አይደንግጡ። የውጩን መጋጠሚያ ራሱን በራሱ በሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ ይጠቅልሉ፤ ተራ ናስትሮ በፀሐይ ይለቃል። ገመዱ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዘንበል ያለ ኩርባ ይኑረው፤ ውኃው ከዚያ ይንጠባጠባል።

የጂፒኤስ አንቴናው ሌላ ነው። ሰማይ ይየው፤ ከራዳር ጨረር ውጭ ይሁን። ምሰሶ ጫፍ ላይ አይስቀሉት፤ ጀልባዋ ስትወዛወዝ ጫፉ የሚጓዘው ርቀት ፍጥነትና አቅጣጫውን ያሳስታል። በፋይበርግላስ ጣሪያ ሥር ይሠራል፤ በብረት ወይም በካርቦን ሥር አይሠራም።

ኤሌክትሪክና ኔትወርክ

ሁለቱም አንቴናዎች ሳይታሰሩ መሣሪያውን አያብሩ። ባለ 12 ቮልቱን መስመር በራሱ ባለ 3 አምፒር ፊውዝ ከማከፋፈያው ያምጡ። አማካይ ፍጆታው ከሩብ አምፒር አይበልጥም፤ በሚልክበት ቅጽበት ግን እስከ 2 አምፒር ስለሚስብ በቀጭን ሽቦ ቮልቱ ይወርዳል። ብዙዎቹ ሞዴሎች ከ9.6 ቮልት በታች ይጠፋሉ። ሞተሩ ሲነሳ መሣሪያው ጠፍቶ የሚነሳ ከሆነ መንስኤው ይህ ነውና ከሞተሩ ባትሪ ሳይሆን ከሌላኛው ባትሪ ያብሉት።

ከቻርትፕሎተሩ ጋር የሚገናኘው በኤንኤምኢኤ 2000 (የጀልባ መሣሪያዎች መረጃ በሚለዋወጡበት መስመር) ከሆነ በቲ ማያያዣ ይሰካል፤ ከዋናው መስመር የሚወጣው ቅርንጫፍ ከ6 ሜትር አይበልጥ። ስክሪኑ ምንም ካላሳየ ኤሌክትሪኩን አጥፍተው በነጩና በሰማያዊው ሽቦ መካከል ይለኩ። 60 ኦም ጤነኛ ነው፤ 120 ካለ ከሁለቱ የጫፍ መዝጊያዎች አንዱ የለም። በቆየው ኤንኤምኢኤ 0183 ከሆነ የመረጃ ፍጥነቱን 38,400 ያድርጉ። ቻርትፕሎተሩ በተለመደው 4,800 ላይ ከቀረ አንድም መርከብ አያዩም።

መላኩን ማረጋገጥ

ከበራ በኋላ ጂፒኤሱ ቦታውን እስኪይዝ ጥቂት ደቂቃ ይታገሱ። ከዚያ በስልክ መተግበሪያ ላይ ሳይሆን በማሪናው ካለ ሌላ ጀልባ ስክሪን ላይ ራስዎን ይፈልጉ። እንደ ማሪን ትራፊክ ያሉት ድረ ገጾች በዳርቻ ካሉ መቀበያዎች ስለሚሰበስቡ እዚያ አለመታየት ብቻውን ብልሽት አይደለም። ጎረቤትዎ ቁጥሩን አይቶ ስሙን ካላየ 6 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ስምና ልኬት የሚላኩት በየ6 ደቂቃው ነው። ቦታውም ከነጭራሹ ካልታየ በመሣሪያው ሶፍትዌር ውስጥ የአንቴናውን ቪኤስደብልዩአር (ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል የሚያሳይ ቁጥር) ይመልከቱ። ከ2 በታች ጥሩ ነው፤ ከ3 በላይ ከሆነ ወደ ማያያዣው ይመለሱ። ዝምታ የሚባለው፣ መላክን የሚያቆመው ማብሪያም ሳያውቁት በርቶ ሊሆን ይችላል።

ቀን በደንብ ሠርቶ ማታ የሚደክም ከሆነ መብራቶችዎን ይጠርጥሩ። የአሜሪካ ኮስት ጋርድ በ2018 የኤልኢዲ መብራቶች የቪኤችኤፍ ሬዲዮንና ኤአይኤስን እንደሚረብሹ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ፈተናው ቀላል ነው። መብራቶቹን ያጥፉ፣ ሬዲዮውን ጸጥ ያለ ቻናል ላይ አድርገው ስኩዌልቹን (ጩኸት ማፈኛውን) ጩኸቱ ልክ እስከሚጠፋበት ድረስ ከፍ ያድርጉ፣ ከዚያ መብራቶቹን አንድ በአንድ ያብሩ። ሲበራ ጩኸቱን የመለሰው እሱ ነው፤ ይቀይሩት።

በውኃ ላይ

የግጭት ማስጠንቀቂያውን በመቃረቢያ ርቀት ግማሽ ማይል፣ በጊዜ 12 ደቂቃ ላይ ያድርጉት። በ15 ኖት የሚመጣ መርከብ አንድ ማይል በ4 ደቂቃ ይጨርሳል፤ 12 ደቂቃ 3 ማይል ነው፣ ለማሰብና ለመዞር ይበቃል። በማሪና ውስጥ ማስጠንቀቂያው ያለማቋረጥ ስለሚጮህ ብዙ ሰው ጨርሶ ያጠፋዋል፤ ከማጥፋት ይልቅ ከ1 ኖት በታች ያሉትን እንዲተው ያዙት። ጥርጣሬ ካለ መርከቡን በስሙ በቻናል 13 ወይም 16 ይጥሩት። «ወደ ቀኜ እየዞርኩ ነው፣ ከኋላዎ አልፋለሁ» ማለት ከሁሉም ይሻላል። በአካባቢው ያሉት ሁሉ ኤአይኤስ እንዳልያዙ ግን አይርሱ፤ የሸርጣን አጥማጆች ትናንሽ ጀልባዎች ስክሪኑ ላይ የሉም፤ ዓይን አሁንም ይሠራል። የጂፒኤስ ምልክት በሚረበሽባቸው ውኃዎች፣ በቀይ ባሕርና በምሥራቅ ሜድትራኒያን እንደሚያጋጥመው፣ መርከብ በስክሪኑ ላይ በየብስ መሐል ሊታይ ይችላል፤ እዚያ ራዳርና ኮምፓስ ይቅደሙ።

ጀልባዋን በተጎታች ጭነው ወደ ቤት ሲወስዷት ወይም ለክረምት ከውኃ ሲያወጧት መሣሪያውን ያጥፉት፤ ካልሆነ መንገድ ላይ ሆና መርከብ ነኝ እያለች አየሩን ትይዛለች። ጀልባዋን ሲሸጡም ቁጥሩ የተመዘገበበትን ክፍል ያሳውቁ፤ አዲሱ ባለቤት መሣሪያውን ወደ ሻጭ ወስዶ በራሱ ቁጥር ያስቀይር። ያ ካልሆነ እሱ የአደጋ ጥሪ ባሰማ ቀን ስልክ የሚደወለው ለእርስዎ ነው።