ሮቦቷ አልሄድ ስትል፦ ለሮቦቲክስ ክበብ መምህራን ችግርና መፍትሄ

የክበባችን ሮቦት ትንሽ መኪና ናት። አርዱዊኖ ኡኖ ቦርድ (ኮዱን ተቀብሎ መኪናዋን የሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ኤል298ኤን የሚባለው የሞተር መቆጣጠሪያ፣ ሁለት ቢጫ ሞተር፣ በቃ። ብልሽቷ ይደጋገማል፤ ከሌሎች መምህራን ጋር ስንገናኝም የምናወራው ስለነዚያው ችግሮች ነው። አንድ አደራ አለኝ፦ ምክንያቱን ብታውቁትም ቶሎ ብላችሁ ለልጆቹ አትንገሯቸው። ፈልገው ሲያገኙት ነው የሚማሩት።

ላፕቶፑ ቦርዱን አያየውም

መጀመሪያ ኬብሉን ጠርጥሩ። የኡኖ ኬብል ከብዙ ፕሪንተሮች ኬብል ጋር አንድ ነው፣ ከቢሮ ተውሳችሁ ሞክሩት። ካልሆነ ድራይቨሩ፣ ማለትም ላፕቶፑ ቦርዱን እንዲያውቀው የሚጫነው ፕሮግራም ነው። ርካሾቹ ቦርዶች ላይ ያለው የዩኤስቢ ቺፕ ብዙ ጊዜ ሲኤች340 ስለሆነ ድራይቨሩ ካልተጫነ ላፕቶፑ ላያውቀው ይችላል። ቀድማችሁ በፍላሽ ያዙት፤ ሠላሳ ልጅ እየጠበቀ ኢንተርኔት ሲጠፋ ያለውን ጭንቀት አውቀዋለሁ። ቦርዱ ታይቶ ኮዱ አልጫን ካለ ደግሞ ፒን (የሽቦ መሰኪያ) 0 እና 1 ላይ የተሰካውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ብሉቱዙን፣ ንቀሉት። ኮዱ የሚገባው በዚያው መስመር ነው። ከጫናችሁ በኋላ መልሱት።

መብራቷ ይበራል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አትልም

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ይሄ ነው፤ መንስኤው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያቺ አራት ማዕዘን ባለ 9 ቮልት ባትሪ ናት። 9 የሚል ስለተጻፈባት ጉልበት ያላት ትመስላለች። ሞተሮቹ ሲነሱ የሚፈልጉትን ከረንት ግን መስጠት አትችልም፣ ቮልቷ ይወርዳል፣ ቦርዱም ይጠፋና እንደገና ይነሳል።

አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ መኪናዋን ብድግ አድርጋ ያዘቻት። ጎማዎቹ አየር ላይ ሽር አሉ። ወለሉ ላይ ስታስቀምጣት ቆሙ። ደገመችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቦርዱን እያየች «ቲቸር፣ ጎማው ሊነሳ ሲል መብራቷ ትደክማለች» አለችኝ። እኔ ሰሌዳ ላይ ስለ ከረንት ከጻፍኩት ሁሉ ይልቅ ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ነች ለክፍሉ የገባችው።

መፍትሄው 18650 የሚባሉትን ሊትየም ባትሪዎች ሁለቱን በተከታታይ ማያያዝ ነው። አንዱ 3.7 ቮልት ነው፣ ሁለቱ 7.4 ይሆናሉ። ኤል298ኤን ራሱ 2 ቮልት ገደማ ይበላል፣ የቀረው ለሞተሮቹ ይበቃቸዋል። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ያበጠ ባትሪ አትጠቀሙ፣ ቻርጅ ላይ አድርጋችሁ ጥላችሁ አትሂዱ፣ ቀይና ጥቁሩ ሽቦ እርስ በርስ አይነካካ። ሞተር በቀጥታ ከቦርዱ ፒን ላይ አትሰኩ፣ ፒኑን ያቃጥላል። ለቦርዱና ለሞተሮቹ የተለያየ ባትሪ ከሰጣችሁ ደግሞ የሁለቱን ግራውንድ (የኔጌቲቩን መስመር) አገናኙ፤ ይሄ ተረስቶ ስንት ከሰዓት በከንቱ አልፏል!

ወደፊት ስትባል እዚያው ትሽከረከራለች

የአንዱ ሞተር ሽቦ ተገልብጧል። ሁለቱን ጫፍ አቀያይሩ። በትንሹ ወደ ጎን የምታዘነብል ከሆነ ግን ሁለቱ ሞተሮች እኩል ስላልሆኑ ነው፣ የፈጣኑን ፍጥነት ኮዱ ላይ ከመጨረሻው ቁጥር ከ255 ዝቅ አድርጉ። ስንት ላይ ቀጥ እንደምትል ልጆቹ በሜትር እየለኩ ያግኙት።

ጠዋት መስመሩን ትከተላለች፣ ከሰዓት ትስታለች

ፀሐይ ናት። ወለሉ ላይ ያለውን መስመር እንድትከተል የሚገጠምላት ሰንሰር የሚሠራው ዓይን በማያየው ብርሃን፣ በኢንፍራሬድ ነው፣ የፀሐይ ብርሃንም ኢንፍራሬድ አለው። መጋረጃ ዝጉ፣ ከዚያ ሰንሰሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቪቴ ቀስ እያላችሁ አስተካክሉ።

የርቀት ሰንሰሩ የማይመስል ቁጥር ሲሰጥ ደግሞ ትሪግና ኤኮ የሚባሉት ሽቦዎቹ ተቀያይረው እንደሆነ እዩ። ይህ ሰንሰር፣ ኤችሲ-ኤስአር04፣ ድምፅ ልኮ ሲመለስ ርቀቱን የሚያውቅ ነው፤ ከ2 ሳንቲ ሜትር በታች አይለካም። የሹራብ ጨርቅም ድምፁን ይውጥበታል፣ ስለዚህ ልጅ ፊቱ ሲቆም ላያይ ይችላል።

አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ቆመው ያያሉ

ይሄኛው ብልሽት የሽቦ አይደለም፣ የእኛ ነው። አንድ ሮቦት ለስድስት ልጅ ስንሰጥ ፈጠን ያለው ኪቦርዱን ይይዛል፣ ሴቶቹ ማስታወሻ ጸሐፊ ይሆናሉ። ሥራውን ከፋፍሉት፦ ኮድ የሚጽፍ፣ ሽቦ የሚይዝ፣ የሚለካና የሚመዘግብ። በየ15 ደቂቃው ይቀያየሩ። ከማን እንደሚጀመርም እናንተ ወስኑ።

ኮዱን ገልብጠው «ሠራ!» የሚሉ ከሆነ ደግሞ ላፕቶፑን ዝጉትና አንድ ልጅ ሮቦት ይሁን። ወለሉ ላይ በጠመኔ መንገድ ሥሩ፣ ሌሎቹ «ሁለት እርምጃ ወደፊት፣ ወደ ቀኝ ዙር» እያሉ ይዘዙት፣ እሱም ያልተባለውን አንድም ነገር አያድርግ። ሎጎ የተባለውን የልጆች የፕሮግራም ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ሲይሞር ፓፐርትም ልጆች በሎጎ ትእዛዝ በምትንቀሳቀሰው ኤሊ ቦታ ሆነው እንዲራመዱ ያደርግ ነበር። የኛው ልጅ ግድግዳ ጋ ደርሶ ቆም አለ፤ «ቁም አላልነውም እኮ!» ብለው ጮኹበት። ያኔ ነው ኮዳቸው ውስጥ የጎደለውን መስመር ያገኙት።

ሮቦቷ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎባታል

ምክንያቱ ፍርሃት ነው። ንብረት ክፍሉ ፈርሞ ተቀብሏል፣ ከተሰበረች ማን ይከፍላል? ይህ ስጋት እውነት ስለሆነ አትናቁት። እኔ የረዳኝ ነገር መለዋወጫውን መለየት ነው። ሞተር፣ ጎማና ጁምፐር ሽቦ አላቂ ዕቃ ተብለው እንዲመዘገቡ ርዕሰ መምህሩን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቦርዱና ላፕቶፑ ብቻ በእናንተ ፊርማ ይውጡ። የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ ደግሞ አንድ ቀን ክበቡ ላይ ጋብዟቸውና ልጆቹ መኪናዋን ፊታቸው ፈታተው ይግጠሟት።