ታንኳ የሚመስል ጣሪያ ከመሳላችሁ በፊት

ባህር ዳር ላይ አርክቴክቸር የተማረ ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ታንኳ የሚመስል ጣሪያ ስሏል። እኔም ስያለሁ። "ሐይቅ ዳር የማኅበረሰብ ማዕከል ሥሩ" ተባልን። እኔ ሆዬ ላፕቶፔን ከፍቼ የደንገል ታንኳ ገለበጥኩና ከሥሩ አዳራሽ ከተትኩበት። ሬንደሩ (በኮምፒውተር የሚሠራው የሕንፃ ምስል) ያምር ነበር። ማታ ነው፣ መብራቱ ውሃው ላይ ያንጸባርቃል፣ ሰማዩ ወይን ጠጅ ሆኗል። ጁሪ ላይ፣ ማለትም ሥራችንን የሚገመግሙት ሰዎች ፊት፣ የተጠየቅኩት ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ "አሁን እዚህ ቦታ ላይ ማን አለ?"

ዝም አልኩ። ሳይቱን ያየሁት አንዴ ነበር፣ እሱንም ከባጃጅ ሳልወርድ።

ይህን የምጽፈው የማኅበረሰብ ፕሮጀክት ተሰጥቷችሁ ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ለገባችሁ ነው። ያለ ቅጥ የተቃጠለብኝን አንድ ሴሚስተር እናንተ አትድገሙት።

መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ያዙ። ከጊዮርጊስ እስከ ሽምብጥ ያለውን ዳርቻ በሙሉ "ላልማው" የሚል አለ፤ ተዉት። 30 በ40 ሜትር ይበቃል። ዋናው ነገር አሥር ጊዜ በእግር ልትመላለሱበት የምትችሉት ቦታ መሆኑ ነው። ለባጃጅ የሚወጣው ብር ሳይታወቅ ያልቃል፣ ብሩ ሲያልቅ ደግሞ ሳይት መሄድ ይቀራል።

ከዚያ ቁጭ በሉ። ቀልዴን አይደለም። ላፕቶፕ የለም፣ ሜትርና ደብተር ብቻ። አንድ የሥራ ቀን፣ አንድ ቅዳሜ፣ አንድ እሑድ፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። ሁለተኛውን ፕሮጀክቴን የሠራሁት ሐይቁ ዳር አንድ ትልቅ ዋርካ ያለበት ቦታ ላይ ነው፤ እዚያ በቆሎ የሚጠብሱ አንዲት እናት ነበሩ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የከሰል ምድጃቸው ከግንዱ በስተምዕራብ ነው። ቀትር ላይ ግንዱን ተጠግተዋል። 10 ሰዓት ላይ ዱካቸውን አንስተው በስተምሥራቅ ዞረዋል። አጠገባቸው ያለው ሊስትሮ አብሮ ይዞራል፣ ከታንኳ ወርደው መረብ የሚጠግኑት ልጆችም እንደዚያው። አንድ ቀን ሙሉ የዋርካው ጥላ እየጎተተ የሚያዞረው ትንሽ ገበያ አየሁ። ያንን ዙር ደብተሬ ላይ በእርሳስ ሳልኩት፣ ኋላ ላይ ፕላኔ የሆነው እሱ ነው። ኮንሴፕት (የዲዛይን መነሻ ሐሳብ) ፍለጋ ሌላ ቦታ መሄድ አላስፈለገኝም።

ቁጭ ስትሉ ሰው ከመቁጠር ይልቅ ሰዓት መዝግቡ። ማን መጣ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ይዞ፣ ቆሞ ነው ተቀምጦ፣ ስንት ደቂቃ። ሣሩ ላይ የተረገጠውን የእግር መንገድም ለኩ፤ ሰው በየት መሄድ እንደሚፈልግ መሬቱ ላይ ተጽፎላችኋል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ሳታስፈቅዱ ስልክ ብትደቅኑ "ምን ሊያደርጉን ነው፣ ከቦታችን ሊያስነሱን ነው?" የሚል ወሬ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰፈሩን ያዳርሳል። ሐይቅ ዳር የሚሠራ ሰው ይህ ስጋት አለበት፣ አይፈረድበትም። ተማሪ መሆናችሁን አስቀድማችሁ ንገሩ።

መጠይቅ የሚባለውን ወረቀት እኔ አልወደውም። "እዚህ ምን ቢሠራ ትፈልጋላችሁ?" ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ የታወቀ ነው፦ አዳራሽ። ሁሉም ሰው አዳራሽ ይላል። ይልቅ ቡና እየጠጣችሁ "ትናንት ዝናቡ ሲመጣ የት ገባችሁ?"፣ "ባለፈው ለቅሶ ድንኳኑ የት ተተከለ?"፣ "ወንበሩን ማን ተሸከመው?" በሉ። ስለ ትናንት የተጠየቀ ሰው ያየውን ይነግራችኋል። ስለ ወደፊት የተጠየቀ ግን ቴሌቪዥን ላይ የሰማውን ነው የሚነግራችሁ።

እኔ እንዲህ ስጠይቅ ነው እድሩ የመጣው። የሰፈሩ እድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት አለው። ዕቃው በአንድ ጠባብ የቆርቆሮ መጋዘን ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ለቅሶ ወይ ሠርግ ሲመጣ ብቻ ይከፈታል። እዚያው ሰፈር ደግሞ ማትሪክ የሚጠብቁ ልጆች ማታ ማጥኛ የላቸውም፤ ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፣ ቴሌቪዥኑም እዚያው ነው። መረብ ጠጋኞቹ ጠዋት ጠዋት ጥላና ረጅም መቀመጫ ይፈልጋሉ። ሦስት ሕንፃ ያስፈልጋል? አያስፈልግም። ሰዓታቸው አይጋጭም።

አንድ ወረቀት ላይ የ24 ሰዓት ክብ ሳሉና እያንዳንዱን ተጠቃሚ በቀለም አስገቡ። ባዶ የቀረው ቀለም የሌለው ሰዓት ለፕሮጀክታችሁ ሀብት ነው። እኔ ጋ የወጣው ነገር ቀላል ነው። የእድሩ መጋዘን ግድግዳ ሆነ፤ 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ርዝመቱ 14 ሜትር፣ ድንኳኑና ወንበሩ ውስጡ የሚገባ። በሮቹ ወደ ታች ሲከፈቱ ጠረጴዛ ይሆናሉ። ጠዋት መረብ፣ ማታ ደብተር፣ ለቅሶ ሲኖር ሁሉም ተነስቶ ወጥ ቤት። "ኢኖቬቲቭ ስፔስ" የሚሉት ነገር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፦ አንድ ቦታ ሦስት ሥራ እንዲሠራ ማድረግ። የሚንቀሳቀስ የመስታወት ግድግዳ ካማራችሁ ማንም አይከለክላችሁም፤ ግን ማን እንደሚጠግነው አብራችሁ ጻፉ።

አሁን ፀሐይና ዝናብ። እዚህ ጋ ብዙ ተማሪ የአውሮፓ መጽሐፍ ገልብጦ ይወድቃል፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። ባህር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይዋ የምትቆመው ከአናታችን ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ነው። በሐይቁ በኩል ማለት ነው! "ሰሜን ጥላ ነው" ብላችሁ ሐይቁን የሚያየውን ግድግዳ በሙሉ መስታወት ካደረጋችሁት በእነዚያ ወራት ትጠበሳላችሁ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በደቡብ በኩል 55 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትሆናለች፤ በዚህ ጊዜ 1.20 ሜትር የወጣ የጣሪያ ጠርዝ በደቡብ ግድግዳ ላይ ወደ 1.70 ሜትር ጥላ ይጥላል። የምዕራቡን ፀሐይ ግን የጣሪያ ጠርዝ አይመልሰውም፣ ዝቅ ብሎ ነው የሚገባው፤ በረንዳ፣ ዛፍ ወይም የቀርከሃ መጋረጃ ያስፈልገዋል። አንድ ሌላ ነገር፦ እዚህ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ልክ 6 ሰዓት አይደለም፣ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሳይት ላይ እንጨት ተክላችሁ ጥላውን ስትለኩ አስታውሱት።

ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ተጠቃሎ ይመጣል። 10 በ10 ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ ማለት 3,000 ሊትር ውሃ ነው፤ 150 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቁጠሩ። አንድ ብርቱ የክረምት ዝናብ ይህን ሊያመጣ ይችላል። አሸንዳው የት ነው? ሮቶው የት ይቀመጣል? ሮቶው ሲሞላ ትርፉ ወዴት ይሄዳል? የእኔ ታንኳ ጣሪያ መሐሉ የጎደጎደ ስለነበር ውሃውን በሙሉ ሰብስቦ አዳራሹ አናት ላይ የሚያስተኛ ነበር። ታንኳ ውሃ ላይ ሲሆን ጥሩ ነው፣ ውሃ ሲሞላ ግን አይደለም።

ቆርቆሮ አትናቁ፣ ግን ብቻውን አትተዉት። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲመታው የእድሩ ዳኛ የሚናገረው አይሰማም፣ መጋቢት ላይ ደግሞ ምጣድ ነው። ቡርኪናፋሶ ተወልዶ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ያገኘው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ በመንደሩ በጋንዶ የሠራው፣ በ2001 (እ.ኤ.አ.) የተጠናቀቀው ትምህርት ቤት መልሱን ያሳያል። ከታች አየር የሚያሳልፍ የጡብ ኮርኒስ አለ፣ ቆርቆሮው ከሱ በላይ በብረት ተደግፎ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ የሞቀው አየር በመሐል ይወጣል። ሐሳቡን ውሰዱ፣ ዕቃውን ከዚህ ፈልጉ። በእንጅባራ በኩል ቀርከሃ አለ፣ የሚሠሩትም እጆች አሉ። የቀርከሃ ኮርኒስ፣ ከላዩ 40 ሳንቲ ሜትር ክፍተት፣ ከዚያ ቆርቆሮ።

ወደ ውሃው ጠርዝ ስትጠጉ እጃችሁን ሰብስቡ። ጣና ከፍና ዝቅ ይላል፤ ክረምቱ ሲያበቃ ይሞላል፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ይሸሻል። ሳይት ላይ ያያችሁት ጠርዝ የዚያ ቀን ጠርዝ ነው። አንድ የቆየ ዓሣ አጥማጅ "በመስከረም ውሃው እስከየት ይደርሳል?" ብላችሁ ጠይቁ፣ በእግሩ ያሳያችኋል፤ እዚያ ጋ ካስማ ምቱ። ደንገሉን አትቁረጡ፤ ለታንኳው፣ ለዓሣውና ለወፉ ነው። ሐይቁ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል መሆኑን ጁሪ ላይ ሌላ ሰው እንዲያስታውሳችሁ አትጠብቁ።

ተንሳፋፊ ሕንፃ አማራችሁ? ያምራችሁ። ግን መጀመሪያ ማኮኮን አጥኑ። ናይጄሪያ ውስጥ ሌጎስ ከተማ፣ ማኮኮ በሚባል ውሃ ላይ ያለ ሰፈር፣ አርክቴክቱ ኩንሌ አዴዬሚ የሠራው ተንሳፋፊ ትምህርት ቤት ዓለም ያጨበጨበለት ነበር፤ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ከከባድ ዝናብ ጋር ፈረሰ። ከእምቦጭ ብሎኬት ልሥራ የምትሉም አላችሁ፤ እርጥቡ እምቦጭ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውሃ ነው፣ ስለዚህ ማድረቂያ ሜዳውን ፕላን ላይ አሳዩን። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረታችሁን ሴክሽን (ሕንፃው ለሁለት ተቆርጦ ከጎን ሲታይ የሚሳል ስዕል) ላይ ዝም ብላችሁ በአንድ መስመር አትለፉት።

ከአካባቢው ቅርስ እንማር ካላችሁ ዘጌ ተሻገሩና ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግቡ። ሁሉም የቤተ ክርስቲያኑን ክብ ቅርጽ ነው የሚገለብጠው። ክቡን ተዉትና ቀለበቶቹን እዩ፦ ቅጥሩ፣ ዙሪያውን ያለው በረንዳ፣ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር ብርሃኑ ይቀንሳል፣ የሚፈቀድለትም ሰው ያንሳል። ማንም "አትግባ" የሚል ሰሌዳ ሳይለጥፍ ሰው የት እንደሚቆም ያውቃል። የማኅበረሰብ ቦታም ይህ ያስፈልገዋል። ቆሎ የምትሸጥ ልጅ ሳታፍር የምትቀመጥበት የውጭ ጠርዝ፣ ከዚያ ጥላ፣ ከዚያ ጠረጴዛ፣ መጨረሻ ላይ ቁልፍ ያለው ዕቃ ቤት። የውጭውን ጠርዝ መቀመጫ 45 ሳንቲ ሜትር አድርጉት። ወለላችሁ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ደግሞ ለዊልቸር የሚሆን መወጣጫ በ1 ለ12 ስሌት 7.20 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። መጨረሻ ላይ የምትለጥፉት ነገር አይደለም፣ ፕላኑን ይቀይረዋል።

ስዕሉን ከሴክሽን ጀምሩ፣ 1 ለ50። ከውሃው እስከ መንገዱ በአንድ ወረቀት። ከኢንተርኔት የሚወርዱትን ውሻ የሚያናፍሱ ፈረንጆች አታስገቡ፤ ነጠላ የለበሰች፣ ጃንጥላ የያዘ፣ መረብ የተሸከመ ሰው ራሳችሁ ሳሉ። እጃችሁ ባይጥምም ግድ የለም። ሞዴሉን በኢንዶሚ ካርቶን ሥሩት፣ ቶሎ ይቆረጣል፣ ሲበላሽ አያሳዝንም።

ጁሪ ላይ በኮንሴፕት አትጀምሩ። እኔ ሁለተኛው ላይ "በዚህ ዋርካ ሥር በቆሎ የሚጠብሱ እናት በቀን ሦስት ጊዜ ቦታ ይቀይራሉ" ብዬ ጀመርኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ የ24 ሰዓቱን ክብ ስዕል አሳየሁ፣ ከዚያ ሴክሽኑን። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ጥያቄው ግን ብዙ ነበር፣ ግማሹም ከበድ ያለ። የሚያናድድ አልነበረም፤ ስለ ቦታው ነበር።

አንድ የማይቀር ነገር አለ፣ እሱም ከጁሪው በፊት መሆን አለበት። ሞዴሉን ይዛችሁ ወደ ሳይቱ ተመለሱ። እኔ ካርቶኔን እኚያ እናት ዱካ ላይ አስቀመጥኩት። ነጠላቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ፣ ዞር ዞር አድርገው አዩት፣ ከዚያ ጠረጴዛው ያለበትን ጥግ በጣታቸው ነካ አድርገው "እዚህ ነው እኔ የምቀመጠው?" አሉኝ። "አዎ እማማ" አልኩ። "ደግ። ጭሱ በየት ይወጣል ልጄ?"

አላሰብኩትም ነበር። ጣሪያውን እዚያው ከፊታቸው በምላጭ ቀደድኩትና ጫፉን ቀና አድርጌ አሳየኋቸው፤ "ትንሽ ጨምርበት" አሉ። ጨመርኩ። ስለዚህ ሞዴሉን ስትወስዱ ምላጭና ኮላ አትርሱ።